እርስዎ ይቅደሙ

በሽተኛ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የሞኝ ጥያቄ ነው፤ አበሻ ሆኖ በሽተኛ ያልጠየቀ የለም። ገብታችሁ «እንዴት ዋሉ?» ስትሉት፣ እህል ከቀመሰ የሰነበተው፣ ጎኑን እንኳ ሰው የሚያገላብጠው ሰውዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላችኋል። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ከትራሱ ቀና ለማለት እየታገለ ለምን ደከማችሁ ብሎ ይወቅሳችኋል፤ ልጆቻችሁን በየስማቸው ይጠይቃል፤ እንግዶቹ አፋቸውን ሳያሟሹ ሊሄዱ ነው ብሎ ሚስቱን ይቆጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት አባቶቻችንም ቢሆኑ፣ ተራቸው ደርሶ አልጋ ላይ ሲወድቁ ደህና ነን እንዳሉ ነው ያለፉት።

ይህን ጠባያችንን ይሉኝታ እንለዋለን፤ ስንኮራበት ደግሞ ጨዋነት። ልጆቻችንን ገና በእግራቸው ሳይቆሙ እናስተምራቸዋለን። ሲርብህ ጠግቤያለሁ በል፣ ሲሰጡህ ይበቃኛል በል፣ በር ላይ ስትደርስ ሌላውን አስቀድም። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሰው በብርዱ እንጂ በብልግናው አይታማም። ከዚህ ጨዋነት ከሚሉት ነገር ጋር የተጣላሁት ኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም አልታረቅንም። ምክንያቱን ሰምታችሁ ፍረዱኝ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ገደማ። ጎረቤላ አስተማሪ ነበርኩ። ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ብርዱን ተከናንባችሁ ትጓዙ ትጓዙና መሬቱ አለቀ ስትሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ታገኟታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ነው፤ ከሥር አሊዩ አምባ፣ ከአሊዩ አምባ ወዲያ ቆላው። ታዲያ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ሐኪሞች ሊመጡ ነው ተባለ። ከባሕር ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው መርቆ የላካቸው፣ የዓመት ዕረፍታቸውን ተኝተው ከሚያሳልፉት ድሃ እናክም ብለው በገዛ ወጪያቸው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። እኔ የዓመት ዕረፍቴን የማሳልፈው እናቴ ቤት ተኝቼ ነው።

ስንት ጊዜ ይቆያሉ ብዬ ስጠይቅ ሁለት ሳምንት ተባልኩ። ሁለት ሳምንት! የጎረቤላ ሰው ስሙን ነግሮ፣ የአባቱን ነግሮ፣ ደህና ነኝ ብሎ፣ የሐኪሙን ቤተሰብ ጤንነት ጠይቆ፣ ወደ እውነተኛው ሕመሙ እስኪደርስ ራሱ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ግን ማን ይሰማኛል። እንግሊዝኛ ትችላለህ ተብዬ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከተማው ክሊኒክ ስላልነበረው የሦስተኛ ክፍልን ቤት ለቀቅንላቸው፤ ተማሪዎቼም ከባሕር ዛፉ ሥር ወጡ።

ሦስት ነበሩ። ሐኪሙ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው። ነርሷ «እንደምን አደራችሁ» የምትል አማርኛ ተምራ መጥታ ጧትም ማታም በሷው ትገለገል ነበር፤ ሕዝቡም እንዳታፍር ብሎ ፀሐይ ስትጠልቅ «ደህና አደርን» ይላታል። ሦስተኛው ሰባኪ ነው። መድኃኒት አይሰጥም፤ ወረፋ ለያዘው ሰው ስለ ክርስቶስ ይነግራል። መንገሩን የጀመረው ደግሞ፣ ዕድሉ ሆኖ፣ በደብራችን አለቃ ነው። አለቃ ዳዊቱን በቃላቸው የሚወርዱ፣ ማሕሌት ቆመው ያረጁ ሰው ናቸው። ስለ ኢየሱስ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለኝ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ጠየቅኳቸው። አለቃ ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ ምነው፣ እሱ ገና አሁን መስማቱ ነው እንዴ፣ አይዞህ በለው፣ ቀስ እያለ ይገባዋል አሉኝ። እኔ «አዎ፣ ሰምተዋል» ብዬ ብቻ አሳጠርኩት።

ሥራ የተጀመረ ዕለት በር ላይ አለቃና አንድ ግራዝማች ተገናኙ። እርስዎ ይቅደሙ። የለም፣ እርስዎ እያሉ እንዴት ተደርጎ። ኧረ በሚካኤል። ኧረ በማርያም። አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሌላውም መልሶ እሱን ይገፋል፤ ጥለት ያለው ጋቢ ከጥለት ያለው ጋቢ ጋር ተጠላልፎ በሩ ተዘጋ። ሐኪሙ ከውስጥ ሆኖ ሲያይ ቆየና ሰዎቹ የተጣሉት በምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። አልተጣሉም፣ እየተከባበሩ ነው አልኩት። ሰዓቱን አየ።

በመጨረሻ ግራዝማች ተሸንፈው ገቡ። ምን ያመዎታል ቢባሉ፣ ምንም፣ ተመስገን አሉ። ታዲያ ለምን መጡ? ግራዝማች ጥያቄውን ራሱን እንደ ነውር ቆጠሩት። እንግዳ ባገሬ መጥቶ ሲቀመጥ ሳልታከምለት ልቅር ወይ፣ ሰውስ ምን ይለኛል አሉኝ። ይህን ልተርጉመው ብዬ ሞከርኩ፤ በእንግሊዝኛ አልመጣ አለኝ። ሐኪሙ ልባቸውን አዳመጠ፣ ምላሳቸውን አየ፣ እሳቸው ግን መርፌ ሳይወጉ ንቅንቅ አልል ስላሉ ለጉልበት የሚሆን መርፌ ወጋቸው። በማግስቱ የወረዳው ባለማዕረግ በሙሉ መርፌ ሊወጋ መጣ። ግራዝማች ተወግተው እሱ ቢቀር፣ የተናቀ ሊመስል ነዋ።

ሐኪሙ ይህን ሲያይ ዘዴ ፈጠረ። ካርቶን ቆራርጦ ቁጥር ጻፈበትና ጧት ጧት ቀድሞ ለመጣ ሰው ማደል ጀመረ። አንድ ቁጥር ያለው አንደኛ ይገባል፣ ሁለት ያለው ቀጥሎ፣ ሹም የለ፣ ድሃ የለ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለሱ አገር። እኛ ዘንድ ግን ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ አንደኛውን ቁጥር ያገኘ ገበሬ፣ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ሲደርሱ ቁጥሩን በሁለት እጁ አክብሮ ይሰጣቸዋል። ሽማግሌው ቄስ ሲመጡ ያስረክባሉ፤ ቄሱ ለግራዝማች ሚስት፤ የግራዝማች ሚስት ለወረዳው ገዥ አማት። እኩለ ቀን ሳይደርስ ካርቶኖቹ ያላንዳች ንትርክ በክብር ቅደም ተከተል ተደርድረው ቁጭ። ሐኪሙ ሕዝቡ በሥርዓት መሰለፉን አይቶ በጣም ተደሰተ። ያን ዕለት እኔ ራሴን አመመኝ።

አሁን ስለ እትዬ ዘሃራ ልንገራችሁ፤ የቀረውስ ይሳቅበት። እትዬ ዘሃራ አሊዩ አምባ አንድ ዓመት ሳስተምር ቤታቸውን ያከራዩኝ፣ ወባ ሲጥለኝ አጠገቤ ተቀምጠው ያስታመሙኝ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ ገበያ ላይ ጥጥና በርበሬ ይነግዳሉ። የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ይፍቃል። ግራ ዓይናቸውን ሲፍቀው ኖሮ አጥፍቶታል። ቀኙም ጀምሮት ነበርና ወረንጦ ካንገታቸው አይለይም፤ የቀረበ ጎረቤት ሁሉ እየነቀለላቸው፣ ያው ደግሞ እየበቀለ። ይቺ አንዲት ዓይን ከጠፋች ጥጡን ከበርበሬው የሚለይላቸው ሰው የላቸውም።

ሐኪም መጥቷል፣ ይውጡ ብዬ በገበያተኛ ላክሁባቸው። ያን አቀበት በምርኩዝ ወጥተው መጡ፤ በባዶ እጅ አይመጣም ብለው ደግሞ ሎሚ ቋጥረው። ቤቴ አሳደርኳቸውና ጧት ቁጥር አስያዝኳቸው። ማታ ስጠይቃቸው አልገቡም። አንዲት ነፍሰ ጡር አይተው ሰጧት። ይሁን፣ ነፍሰ ጡር ናት አልኩ። በማግስቱ ለአንድ ቄስ ሰጡ። እትዬ፣ ቄሱ የመጡት እኮ ለመርፌ ነው ብላቸው፣ የሰው አገር መጥቼ የሰው ቄስ ልቅደም እንዴ ልጄ፣ እስላሟ ጥጋቧ ቢሉኝስ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ለግራዝማች ሰጡ፤ ግራዝማች ሁለተኛ መርፌ አምሯቸው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ሳምንት አለቀ፤ ሰኞም ማክሰኞም ሄደ። እኔ በቁጣ ብጮህ፣ እሳቸው ሎሚ ጨምቀው ለጉሮሮህ ጠጣ ይሉኛል።

ረቡዕ ዕለት ቁጥር የለ፣ ምን የለ፣ እጃቸውን ይዤ በጓሮ በር አስገባኋቸው። ሐኪሙ የዓይናቸውን ቆብ ገለበጠው፣ ደጋግሞ አየው፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ረሳ። ይህን የመሰለ ሕመም ለማከም ነው የመጣሁት አለኝ። ቆቡን ጥቂት ቆርጦ ወደ ውጭ መመለስ ነው፣ ሥራው ረጅም አይደለም፤ ካልተሠራ ግን ይቺ ዓይን ክረምቱን አትሻገርም አለ። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ስለሚሄዱ ሐሙስ ጧት ቀጠራቸው። ያን ማታ እንቅልፍ የወሰደኝ በደስታ ነው።

እንግዲህ ሐሙስን አስተውሉ። እንግዶቹ ዓርብ ሊሄዱ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሳይሸኝ አይሄድም። የወረዳው ገዥ ፊታውራሪ ሽማግሎቹን ሰብስበው መክረው ኖሯል። ሽኝት ያለ በግ አይሆንም። ረቡዕ ጾም ነው፣ ዓርብ ጾም ነው። የቀረው ሐሙስ ነው። ለወጥ ሠሪው ሁሉ ነግረው ለኔ አልነገሩኝም፤ ለአስተርጓሚ ማን ይነግራል።

ሐሙስ ጧት እትዬ ዘሃራ ሦስት ዴስክ ተጋጥሞ በተዘጋጀው አልጋ ላይ ተጋድመዋል። መቁረጫው ተቀቅሏል። ሐኪሙ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቧል። ይኸኔ በሩ ተከፈተና ፊታውራሪ ካባቸውን ደርበው፣ ሽማግሎቹን አስከትለው ብቅ አሉ። ገበታው ቀርቧል፣ እንግዶቹ ይነሱልን አሉ። እባክዎ ፊታውራሪ፣ ይቺን ሥራ ይጨርስ አልኳቸው። ገበታ ከቀረበ ወዲያ እንግዳ አይጠበቅም፣ ወጡ ይቀዘቅዛል አሉኝ። ወጡ! ሰባኪው ወደ ሐኪሙ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ባለአገሮቹን እንዳናስቀይም፣ በሚመጣው ዓመት ሌሎች ወንድሞች ይመጡበታል አለው። ሐኪሙ የታጠበ እጁን አንከርፍፎ አንዴ በሩን አንዴ አልጋውን አየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ አንድ ጥያቄ አመጣ፤ እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

«እሷን ጠይቅልኝ» አለ። «አሁኑኑ ይሁንልኝ ካለች የትም አልሄድም።»

አያችሁ? በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። እኔም ጥያቄውን ተርጉሜ አላቆምኩም፤ ከራሴ ጨመርኩበት።

«እትዬ ዘሃራ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አሁኑኑ ይሁንልኝ ይበሉት። አንዲት ቃል ናት።»

እትዬ ዘሃራ ከዴስኩ ላይ ቀና ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉ። የፊታውራሪን ካባ በደህናይቱ ዓይናቸው እያጨናበሱ አዩት።

«ኧግ፣ ልጄ» አሉ። «አገር ያቀረበውን ገበታ እኔ ላስቀዝቅዘው? እንግዳውስ ጦሙን ይዋል? በልቶ ይምጣ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ፊታውራሪ፣ ይባርክሽ፣ ጨዋ ነሽ አሏቸው። ሁሉም መረቃቸው። እንደዚያ ቀን ምርቃት ጠልቼ አላውቅም። በጉ ደግሞ የክርስቲያን እጅ የባረከው ነው፤ እትዬ ዘሃራ ቢሞቱ አይቀምሱትም። ዓይናቸውን የሰጡት ለማይበሉት ሥጋ ነው።

ግብዣው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ? ታውቁታላችሁ። ጉርሻ አለ፣ ንግግር አለ፣ ለንግግሩ መልስ አለ፣ ለመልሱ ምርቃት አለ፤ ሁሉንም የምተረጉመው ደግሞ እኔ ነኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ ሰዓቱን ያይ ነበር። ፊታውራሪ በገዛ እጃቸው ጠጅ ቀድተው ብርሌውን ሰጡት። እሱና ባልደረቦቹ በሃይማኖታቸው አይጠጡም፤ ሰባኪው በትሕትና እምቢ አለ፤ ሐኪሙ ግን የፊታውራሪን ፊት አየ፣ የሽማግሎቹን ፊት አየ፣ ተቀበለ። ባዶ ብርሌ ማየት ነውር ነውና ተሞላለት። እንደገና ጠጣው፣ እንደገና ተሞላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከይሉኝታችን ጋር ሲታገል የከረመው ሰው በመጨረሻው ቀን ተያዘ። መድኃኒቱን ቢያውቅ ኖሮ ለኛም በሰጠን።

ስንመለስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። እትዬ ዘሃራ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ዴስኩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሐኪሙ በመስኮቱ ብርሃን ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ጣቶቹን አያቸው። ይንቀጠቀጣሉ። በዚህ እጅ የሰው ዓይን አልነካም አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከጠጁ ይሁን ከሌላ አላውቅም። የሚቀባ መድኃኒት ሰጣቸውና በሚመጣው ዓመት በመጀመሪያው ቀን አንደኛ እርስዎ ነዎት ብሎ ማለ። እትዬ ዘሃራ እጁን ይዘው መረቁት። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መኪናቸው ደብረ ብርሃን መንገድ ገባ፤ አውሮፕላን ይሉኝታ አያውቅም። እኔም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቼ ላይ ስጮህ ዋልኩ።

አዲስ አበባ ለምን አልወሰድካቸውም ትሉኝ ይሆናል። ለምኛለሁ። አሊዩ አምባ ድረስ ወርጄ፣ ዘመድ ዘንድ አሳርፌ ሆስፒታል አስገባዎታለሁ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ። ያሉኝን ስሙ፤ ያ ሐኪም ቀጥሮኛል፣ እስኪመጣ ሳልጠብቀው ሌላ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ምን ይለኛል አሉ። ሰውየው ባሕር ማዶ፣ እሳቸው አሊዩ አምባ። ምን ይለኛል ይላሉ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተቆረጠ። መስከረም ላይ አንድ ጨው ነጋዴ ሽቅብ ወጥቶ፣ ዘሃራ ሰላም ብላሃለች፣ ያቺም ዓይኗ ጠፋች አለኝ። ሰላምታውን ነው ያስቀደመው።

በዓመቱ፣ ደግሞ ጥምቀት ሲያልፍ፣ መኪኖቹ መጡ። ወረፋው ካምናው በለጠ። ከበሩ ቆሜ ሳይ እትዬ ዘሃራ የጎረቤታቸውን ልጅ ትከሻ ይዘው፣ ምርኩዛቸውን እየመቱ መጡ። ቀጠሮ ነዋ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰው ወዲያና ወዲህ ተከፈለ። ግራዝማች ራሳቸው ብድግ ብለው፣ ዓይነ ስውር ናት፣ እሷ ትቅደም አሉ። አለቃም ትቅደም አሉ። ፊታውራሪ በሩን ያዙላቸው። ምን ላድርጋቸው እነዚህን ሰዎች? ክፋት ቢኖርባቸው እኮ እገላገል ነበር።

እትዬ ዘሃራ አንደኛ ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የገባነው አዲስ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ያምናው አልመጣም። ይህኛው ወጣት ነው፣ ፊቱ ብሩህ። መሣሪያውን ሲዘረጋ ጉጠት በጉጠት ሆነብኝ። የዘንድሮዎቹ የጥርስ ሐኪሞች ኖረዋል። ያምናውን ቀጠሮ፣ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ሐሙስ፣ ያለችኝን እንግሊዝኛ ሁሉ አውጥቼ ነገርኩት። በሐዘን አዳመጠኝ፤ ሁለቱንም ዓይን በባትሪ አየና ራሱን ነቀነቀ። ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥተው በባዶ መመለሳቸው ቅር አለው መሰለኝ፣ እንግዲያስ ጥርሳቸውን ልይላቸው አለ። አፋቸውን ከፈቱለት። ዙሪያውን አይቶ ሲጨርስ ፊቱ ፈካ፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጤነኛ ጥርስ አይቼ አላውቅም፣ ንገራቸው አለኝ።

ነገርኳቸው። እትዬ ዘሃራ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና የወንበሩን መደገፊያ እየዳበሱ ተነሱ።

«በል እንግዲያ ቦታ አልያዝ፣ ልጄ» አሉኝ። «የታመመ ሰው ይግባ።»